ከአረንጓዴው ሻሽ ስር

«እትዬ በድሪያ፣ ይህ የኪታብ ማህደር የእናንተው ነው?»

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ይህን ስትጠይቃት በድሪያ ማህደሩን አገላብጣ አየችው። አዎ ማለት ነበረባት። የቆዳው ቀለም ያው ነው፤ ማንገቻው ያው ነው፤ የእሳቱ ጠባሳም አለ። ግን አዎ ለማለት አልደፈረችም።

«እንጃ» አለች።

«እንጃ ማለት?»

«ልቤ እንቢ አለኝ፣ የኔ እመቤት።»

ፖሊስ ዘንድ ልብ ምስክር አይሆንም። ኢንስፔክተሯ ማህደሩን በፕላስቲክ ከረጢት አስገብታ ለኮንስታብል ደምመላሽ ሰጠችው።

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ቅዳሜ በዋለው የመውሊድ ጠዋት፣ መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቁልቁል ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ግቢ የሚጠበቅ አንድ ኪታብ ነበር፤ የበድሪያ ባል አያት ወሎ ሳሉ በእጃቸው የጻፉት የመንዙማና የዱዓ መጽሐፍ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተሰቡ ሲሰደድ ባሏ ሕመምተኛ አባቱን አዘለ፣ በድሪያ ኪታቡን አነገተች። አንድ መጠለያ ውስጥ ከምድጃ የተፈናጠረ ፍም ማህደሩ ላይ አርፎ ቆዳውን ሲያጨስ በመዳፏ አፍና አጠፋችው። ቆዳው ላይም መዳፏ ላይም ጠባሳው ቀረ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የኪታቡን ክፍል የምትጠርገውና ቁልፉን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ኪታቡ የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን፣ በመውሊድ ነው። በቀረው ጊዜ ማህደሩ ውስጥ ሆኖ፣ ማህደሩ በአረንጓዴ ሻሽ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ካለ ኩላብ ይሰቀላል። ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ የሚመጣ ሰው ሻሹን ስሞ ይወጣል። ሻሹን መግለጥ የሼህ ቡርሃን፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ድርሻ ብቻ ነው።

በዚያ ጠዋት ሼህ ቡርሃን ሻሹን ገለጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ማህደሩ ሰደዱ፤ ያወጡት ግን ቢጫ ሽፋን ያለው ወፍራም የስልክ ማውጫ ነበር። ዓይናቸው በሞራ ደክሟልና ወደ ፊታቸው አስጠግተው አገላበጡት። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ኪታቡማ አውሮፓ ገብቷል!» አለ ከበሩ አጠገብ አንድ ጎረቤት። «ልጄ በኢንተርኔት አሳይቶኛል። በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ!»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ሀፍሷ ዞረ። ሀፍሷ የበድሪያ አንድ ልጅ ናት፤ ሲኒማ ራስ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ትሠራለች። ካቻምና አጥኚዎች ካሜራ ይዘው ሲመጡ፣ በሼህ ቡርሃን ፈቃድ ቅጠሉን እየገለጠች ያስነሣችው እሷ ናት።

«አትንኳት!» ብሎ መሃል ገባ ዘከሪያ። የሼህ ቡርሃን ልጅ ነው። ጡት ሳይጥል ጅዳ አክስቱ ዘንድ ተወስዶ አድጎ፣ ባለፈው ረመዳን ነው የተመለሰው። «እኔ ያባቶቼን ኪታብ ጅዳ ተቀምጬ ያየሁት በሷ ምክንያት ነው። ከዳር እስከ ዳር አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ሊረዳት ብሎ የተናገረው ባሰባት። «ይኸው! ኢንተርኔት ላይ አለ አለ!» አለ ሕዝቡ።

ከቀትር በፊት ሀፍሷ ጣቢያ ገባች።

በድሪያ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ኢንስፔክተሯን እስከ በር ተከተለቻት። «ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አለቃዬ ወስኗል» አለች ሸዋገነት። በቁጣ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?»

ሸዋገነት የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች። «እሱን እኔም በደንብ አላውቀውም» አለች። ከዚያ ወዲያ ወደ መኪናው አልገባችም፤ ተመልሳ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

*

ምርመራው ፈጣን ነበር። ሰው ይገባል፣ ይጠየቃል፣ ይወጣል።

«ኪታቡን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ ለዱዓ ስመጣ።»

«ዓርብ የት ዋሉ?»

«ሱቄ።»

የሚቀጥለውም ሐሙስ አለ። የሚቀጥለውም። ሁሉም ዓርብን የዋለበት ነበረው፣ ሁሉም ምስክር ነበረው። በድሪያ ለጠያቂዋ ውኃ ስታቀብል አላስችል አላት።

«እኛ እኮ ሐሙስ የምናየው ሻሹን ነው» አለች።

የሸዋገነት እስክሪብቶ ቆመ። «ምን አሉ?»

«ሻሹን ስመን ነው የምንወጣው። ከስር ያለውን ከአምና መውሊድ ወዲህ ያየ የለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ዓርብ የት ዋልክ እያልኩ የማደርቀው ለምንድነው?» አለች ሸዋገነት። ደምመላሽ ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል ያዘው።

ከዚያ የገባው ጃፋር ነበር፤ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ የሱቁ ጀርባ ከኪታቡ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ሻሽ መሳም አይገባም እያለ ዓመት ሙሉ ሲሟገት ሰፈሩ ሰምቶታል።

«ኪታቡ ከዚህ ቢነሣ ደስ ይለኛል ብለሃል አሉ» አለችው።

«እኔ የተቃወምኩት መሳሙን ነው፣ ኢንስፔክተር። ስርቆቱን የደገፍኩበት ቀን የለም!»

«ግድግዳው ያንተ ነው።»

«ግድግዳውን በስቼ ኪታብ ከማወጣ፣ በሩን አንኳኩቼ ብለምን ይቀለኛል። እትዬ በድሪያ ቁልፍ ይዛ እንቅልፏ እንደ ዶሮ ነው፤ አይጥ ብታልፍ ማን ነው ትላለች።» ወደ በድሪያ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅሽ አልሰረቀችም። ሻሹን አትሳሙ ስላችሁ ሰምታ ያልተቆጣችኝ እሷ ብቻ ነች።»

ሱቁ ተፈተሸ። ኩሽኔታና ፍሬን ሸራ እንጂ ሌላ አልተገኘም።

*

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሀፍሷን ከጣቢያ አስወጥታ፣ በድሪያንም አስከትላ ሲኒማ ራስ ሄደች። «ጠባሳውን ከነምልክቱ የሚያውቅ ሰው ከጎኔ ያስፈልገኛል» ነበር ያለችው። ማህደሩ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ አብሮ መጣ።

በድሪያ የልጇን የሥራ ቦታ ገብታ አታውቅም። ከጥቅምት ጀምሮ ቀበሌው የከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ላይ ፊደል እየቆጠረች ስለሆነ፣ መንገዱን ሁሉ የሱቅ ጽሑፍ እያነበበች ነበር የመጣችው፤ ምግብ ቤት፣ ጫማ፣ ጅምላና ችርቻሮ። ፍርሃቷን የምታስታግሰው እንዲያ ነበር።

ገጹ ቀስ እያለ ተከፈተ። ከላይ አንድ መስመር መጣ፣ ቆመ፣ ሌላ መስመር መጣ።

«ይኸው፣ ይህ የቲምቡክቱ ነው» አለች ሀፍሷ፤ ካቴና የወለቀለት እጇ ገጹ ላይ ይጠቁማል፣ ድምፏም ሞቀ። «ይህ የዛንዚባር። ይህ የካይሮ። ይኸኛው የሐረር ነው፣ እማ! የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ተባብረው ነው ያወጡት። የፈለገ ሰው ካለበት ሆኖ ያነባል፤ ማንንም አያስፈቅድም፣ አይከፍልም።»

«ኪታቦቹስ የት ናቸው?»

«በየቤታቸው ናቸዋ። ኪታቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰው ወደ ኪታቡ ይመጣል ማለት ነው።»

በድሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከወሎ እስከ አዲስ አበባ በእግር ያነገተችው ያ ሁሉ መንገድ ትዝ አላት። አሁን የዛንዚባር ሰው ሳይነሣ ያየዋል! ለአንድ አፍታ የመጣችበትን ረሳች፤ ደስ አላት፤ ወዲያው ልጇን አይታ ደስ በማለቷ ደነገጠች።

«ፎቶው የወጣው ካቻምና ነው» አለች ሸዋገነት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ። «ኪታቡ ደግሞ አምና መውሊድ እዚሁ ተነቧል። ስለዚህ ፎቶው ወጣ ማለት ኪታቡ ወጣ ማለት አይደለም። እኔን ያሳምነኛል። አለቃዬ ግን ‹ፎቶውን አሳይታ ገዢ አገኘችበት› ይላል።»

የመጨረሻው ፎቶ የማህደሩ ነበር። ኢንስፔክተሯ ማህደሩን አውጥታ ከስክሪኑ አጠገብ ያዘችው። ቅርጹ፣ ስፌቱ፣ ከታች በግራ በኩል ያለው ቃጠሎ፣ ልክ እንደ መንታ ልጆች።

«አንድ ነው» አለች። «እትዬ፣ ልብዎ ተሳስቷል።»

በድሪያ ዓይኗን ወደ መንገዱ አሸሸች። የመስታወቱ በር ላይ ትልልቅ ፊደሎች ተለጥፈዋል። እንደ ልማዷ ለማንበብ ሞከረች። እንቢ አላት። ድጋሚ ሞከረች። አንድም የምታውቀው ፊደል የለም፤ ሁሉም የማታውቃቸው ሆነዋል።

«ይህ የምን አገር ፊደል ነው?»

ሀፍሷ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቋ መጣ። «እማ፣ ‹ኢንተርኔት፣ ኮፒ› ነው እኮ የሚለው! ከውስጥ ሆነሽ ስታይው ተገልብጦብሽ ነው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ።»

በድሪያ ከወንበሩ ተነሣች።

«ስጡኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ማህደሩን ስጡኝ!»

ከኢንስፔክተሯ እጅ ነጠቀችው ማለት ይቻላል። ማንገቻውን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ማህደሩ ቀኝ ዳሌዋ ላይ አረፈ፤ እጇም ያን ሁሉ ዓመት እንደለመደው ወደ ፊተኛው የታች ጥግ ወረደ። ለስላሳ ቆዳ አገኘ። ጠባሳው የለም። ከኋላዋ ነው።

«ወላሂ የኛ አይደለም! ጠባሳው ከመዳፌ ስር ነበር የሚውለው። ከወሎ እስከዚህ ድረስ ይዤው ነው የመጣሁት። ፊት ለፊት ስታዪው በቀኝ ነው፤ በቀኝ!»

ሀፍሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ፎቶውን ሲጭኑት ገልብጠውታል» አለች። «ገጾቹ ጽሑፍ ስላላቸው ቢገለበጡ ይታወቅ ነበር። ማህደሩ ላይ ግን ጽሑፍ የለም። እኔም አላየሁትም፣ ማንም አላየውም።» ሁለት ቦታ ጫን ስታደርግ ፎቶው ዞረ፤ ጠባሳውም ወደ ቀኝ ተሻገረ።

«እሱ ነው» አለች በድሪያ፤ አለቀሰችም።

ሸዋገነት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ይህን የሠራው ሰው እውነተኛውን አይቶ አልሠራም! ፎቶውን አይቶ ነው የሠራው። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ» ወደ ሀፍሷ እየጠቆመች «በእጅሽ ያለውን ትተሽ ፎቶ ምን ያደርግልሻል?»

*

የቆዳ ሠራተኞቹ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ሙህዲን የሚባል ሰው ማህደሩን ሲያየው በኩራት ፈገግ አለ።

«የኔ እጅ ነው! አምሮበታል አይደል? የገና ሰሞን ነው የሠራሁት። ለፊልም ሥራ ነው ተባልኩ።»

«ማን አለህ?»

«ፎቶውን ይዞ የመጣው ተሸካሚ ነው፤ ዕቃውንም የወሰደው ተሸካሚ። ባለቤቱን አላየሁም። የኋላውስ ምን ይመስላል ብዬ ብልክ፣ ‹ፎቶው ላይ የሌለውን ተወው› የሚል መልስ መጣልኝ።» ከዚያ የሸዋገነትን ዩኒፎርም ልብ ብሎ አየ፤ ፈገግታውም ጠፋ። «ፊልሙ... ችግር አለው እንዴ?»

ተሸካሚ በመርካቶ የጤፍ ፍሬ ነው። መንገዱ እዚያ ተዘጋ።

ሸዋገነት መኪናው ውስጥ ወደ በድሪያ ዞረች። «እትዬ» አለች፤ «ስለ ግራና ቀኙ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ግቢው ሲደርሱ ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ አስገባች። በድሪያ ጥግ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «የማህደሩ ቃጠሎ በየት በኩል ነው?»

ሼህ ቡርሃን ባዶው ኩላብ ፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በእጃቸው አየሩን ዳሰሱ። «እዚህ፣ በቀኝ» አሉ። ሁለት አሮጊቶች ገቡ፤ በቀኝ አሉ። ጃፋር ገባ። «እኔ ሻሹን እንኳ አላየሁም፤ ትሰሙኛላችሁ እንዴ?» ብሎ ወጣ።

ዘከሪያ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ለሀፍሷ ጣቢያ ድረስ ምግብ ያደረሰላት እሱ ነበር።

«ከታች፣ በግራ በኩል» አለ ወዲያው፤ ፈተና እንደሚያልፍ ተማሪ።

በድሪያ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ያልሰማች ብትሆን በወደደች ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንዴት አልሆንም? ጅዳ ሆኜ ስንት ጊዜ አፍጥጬበታለሁ።»

ሲወጣ ሸዋገነት ቀስ ብላ ተናገረች። «ይህ ማስረጃ አይሆንም። ከፎቶው ነው የማውቀው ብሎ ራሱ ነግሮኛል። ግን እግሬን ወዴት እንደማነሣ አሳይቶኛል።» ከዚያ ደጅ ወጥታ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች፤ «ነገ ጠዋት የዚህ ቤተሰብ ሰው የተከራየው ቤትና መጋዘን ሁሉ ይፈተሻል!»

ዘከሪያ የዓስር ሶላት ልስገድ ብሎ ወጣ። ወደ መስጊድ ግን አልታጠፈም፤ ደምመላሽ ከርቀት ተከተለው።

*

እህል በረንዳ፣ የመርካቶው የእህል ገበያ፣ በዚያ ሰዓት ይፈላል። የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ተሸካሚዎች ጆንያ በጀርባቸው እየጫኑ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ይሮጣሉ። በድሪያ ቤት ቆዪ ተብላለች። አልቆየችም። ልጇን ሰኞ ፍርድ ቤት ሊያቆሙባት ቤት የምትቆይ እናት የት አለች? ጫማዋ የጤፍ ገለባ እየረገጠ ከደምመላሽ ኋላ ኋላ ሮጠች።

ዘከሪያ ከመኪናው ጎን ቆሞ ሹፌሩን ያጣድፋል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ምንድነው የምትጭነው?»

«ምስር። ለድሬዳዋ ነጋዴ ነው። ምስር መላክ ወንጀል ሆነ?»

መኪናው በጆንያ ሙሉ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሲባጎ የተሰፋ። «ይህን ሁሉ ልታስፈቱኝ ነው?» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ። «ሌሊቱን መንገድ ላይ ልደር?» መጋዘን ጠባቂውም ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። ሸዋገነት ወደ ጆንያው ክምር ቀና ብላ አየች፤ የፍተሻ ወረቀት በእጇ የለም።

ያን ጊዜ አንድ ተሸካሚ የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ሲያነሣ ሚዛኑን ስቶ ተንገዳገደ፤ ሳቀም። «ኧረ ይቺኛዋ ጾመኛ ናት! ከብዳኛለች ብዬ ተዘጋጅቼላት አታለለችኝ!»

«አስቀምጣት» አለች ሸዋገነት።

ዘከሪያ ወደ ጆንያው አላየም። ሁሉም ወደዚያ ሲያይ እሱ ብቻ ወደ መሬት አየ። ሹፌሩ ይህን አየና «ፍቷት፣ እኔም ልወቅ!» አለ።

ደምመላሽ ሲባጎውን በሴንጢ በጠሰው። ምስሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። መሃሉ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ነበር። በድሪያ ማንንም አልጠየቀችም፤ ጎንበስ ብላ ገለጠችው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። መዳፏ ወረደ። ጠባሳ ከጠባሳ ጋር ተገናኘ።

«አንድ ነገር ጠይቄዎት ነበር» አለች ሸዋገነት ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ይህ ማህደር የእናንተ ነው?»

«የኛ ነው!»

ዘከሪያ እጁ እየታሰረ ተናገረ። «ምን ጎደለባችሁ? እያንዳንዱ ቅጠል ኢንተርኔት ላይ አለ። ገዢውም ያየው እዚያው ነው፤ ዕቃውን ነው የፈለገው። እናንተ በዓመት አንዴ ነው የምትከፍቱት፤ ሐሙስ ከዱዓ በኋላ ወደኋላ ቀርቼ ስለውጠው እንኳ ያወቀ የለም! ቃሉ ቀርቶላችኋል፤ እኔ ቆዳና ወረቀት ነው የወሰድኩት።»

«ሀፍሷን ደግሞ?» አለች በድሪያ። «እሷንም ኢንተርኔት ላይ ልታስቀምጥልኝ ነበር?»

ዘከሪያ ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ።

«ፎቶውንስ አየነው፣ ልጄ። ጥሩ ነው፤ ለዛንዚባርም ለካይሮም ይድረስ። ግን ግራና ቀኙን ተሳስቷል፤ አንተም አብረኸው ተሳስተሃል።»

«ግራና ቀኝ?» አለ ዘከሪያ። አሁንም አልገባውም ነበር። ደምመላሽ እየመራው ሲሄድ ወደ ማህደሩ ዞሮ አየ፤ እግሩም ቆመበት።

*

ሀፍሷ በዚያው ቀን ወጣች። በድሪያ ጣቢያው በር ላይ ፊቷን፣ እጇን፣ ጸጉሯን ዳበሰቻት፤ «እማ፣ በቃሽ፣ ሰው ያየናል» እስክትላት ድረስ። መውሊዱ በማግስቱ ተነበበ። ሼህ ቡርሃን አነበቡ፤ ሲጨርሱም ሻሹን አጥፈው ለበድሪያ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የሚመጣ ሰው ማህደሩን ራሱን ያያል። ጃፋርም አንድ ሐሙስ ከደጅ ቆሞ አንገቱን አስግጎ አየና «ይኸው፣ ይህ ይሻላል» ብሎ ሄደ።

ሀፍሷ ለቤተ መጻሕፍቱ ጻፈች። ይቅርታ ጠይቀው ፎቶውን አዞሩት፤ አጥኚዎቹም ወሎ ውስጥ በየቤቱ ኩላብ ላይ የተሰቀሉ ኪታቦችን ለማንሣት ሲነሡ አብራቸው እንድትሠራ ጠየቋት። በድሪያ ስንቅ ስትቋጥር ብርዱን ፈራች፣ መንገዱን ፈራች፣ ሰውን ፈራች። «ካሜራውን በቀኝ አንግቺው» ብቻ አለቻት።

በሚያዝያ ሀፍሷ ወደ ደሴ ሄደች። ዘከሪያ ወደዚያ ግቢ አልተመለሰም። በድሪያ ቀረች፤ ኪታቡም ቀረ።